እሑድ እሑድ የሚገባው መኸር

መስከረም 8፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የሕንጻውን ማሞቂያ ቦይለር ጥገና ልመዘግብበት ነበር። ቦይለሩ ግን አርፎ ተኝቷል፤ የሚነዘንዘኝ ሰው ነው። ስለዚህ ሰውን ልመዝግብ።

ዛሬ ሦስት ሰዎች ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ “ማሞቂያው መቼ ነው የሚለኮሰው?” የእኔም መልስ አንድ ነው፤ ይህን ሕንጻ ስንከባከብ በኖርኩበት ሃያ ሰባት ዓመት አልተለወጠም። ቴርሞሜትሩ ሦስት ቀን በተከታታይ በማለዳ ከአሥራ ሁለት ዲግሪ በታች ካሳየ ማሞቂያው ይለኮስ ይላል ደንቡ። እኔ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አነባለሁ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ መግቢያው በር ላይ እለጥፋለሁ። ዛሬ ሃያ አንድ ነው። በሃያ አንድ ዲግሪ ማሞቂያ ለኩስ የሚለኝ ሰው ወይ ታሟል ወይ እያላገጠብኝ ነው።

ዘንድሮ ቴርሞሜትሩን ቦታ ቀይሬለታለሁ። የድሮውን የልጆች ኳስ ሰበረው። አዲሱን ጓሮ፣ ከዳቦ ቤቱ ጋር በምንጋራው ግንብ ላይ ሰቀልኩት። ደንቡ “ከፀሐይና ከነፋስ በተከለለ ቦታ” ይላል፤ ከዚያ የተከለለ ቦታ በከተማው ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም። ለማንበብም ይመቻል። ጀርባዬን ግንቡ ላይ አስደግፌ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ትንሽ ቆም ስል ደስ ይለኛል።

መስከረም 9፣ ማክሰኞ

ሃያ አንድ። አንደኛ ፎቅ ያለችው የፒያኖ አስተማሪ “የተማሪዎቼ ጣት አልታዘዝ አለ” አለችኝ። ልምምድ ይብዛላቸው አልኳት። አልሳቀችም።

መስከረም 10፣ ረቡዕ

ስለ እማዬ ልጻፍ፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

እማዬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እኔና ሚስቴ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ክፍል ጎን ነን። በመካከላችን ዘጠና አራት ደረጃ አለ፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ዕድሜዋ ሰማንያ አንድ ነው። አምና በብርዱ ወራት ሦስተኛው ፎቅ ላይ አዳለጣትና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሰው እስኪያገኛት ግማሽ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ የሰው ቧንቧ እየጠገንኩ ነበር። አልሰማኋትም።

ከዚያ ወዲህ እኛ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ውረጂ እያልኩ ስለምን ከረምኩ። ክፍሏን ቀለም ቀባሁ፤ መደርደሪያ ሠራሁ። በሐምሌ በስንት መከራ እሺ አለች። “መኸር ሲገባ እወርዳለሁ” አለች። ቀጥላ ደግሞ መኸር ገባ የሚባለው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ፣ “ማሞቂያው የተለኮሰ ዕለት” አልኳት። “ተስማማን!” ብላ እጄን ጨበጠችኝ፤ በዚያው በተሰበረው እጇ። ሚስቴ ምስክር ናት።

ደረጃው በብርድ ሳያሟልጭ እንድትወርድልኝ ነው የምፈልገው። ሌላ የምመኘው ነገር የለም።

መስከረም 14፣ እሑድ

አሥራ አንድ! ትናንት ሃያ ነበር። ወረቀቱን በደስታ በአራቱም ጥግ ለጠፍኩት። ሁለት ቀን ይቀራል። ሚስቴ የእማዬን አልጋ አነጠፈች።

መስከረም 15፣ ሰኞ

ሃያ። ሚስቴ አልጋውን መልሳ በላስቲክ ሸፈነችው።

መስከረም 18፣ ሐሙስ

ለመሆኑ መኸር መግባቱ በምን ይታወቃል? ደንብ የሌለው ሰው በምን ያውቃል? ዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ዳቦ ጋጋሪው “ደንበኛ ዳቦውን ተቀብሎ ለመውጣት ሲለግም” አለኝ። ሚስቴ “የታጠበ ልብስ በአንድ ቀን አልደርቅ ሲል” አለች። የፒያኖ አስተማሪዋ ጓንት ያጠለቀ እጇን አሳየችኝና አለፈች። ሊቀመንበሩንም ጠየቅኋቸው። የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ደንቡን በገዛ እጃቸው ያረቀቁ ሰው ናቸው። “መኸር የሚገባው አንተ ወረቀቱ ላይ ስትጽፈው ነው” አሉኝ። ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈውት ነበር።

በበኩሌ የግቢውን ዛፍ ነው የማየው። ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ ግን አንድም ቅጠል አልጣለም። እንደ ሰው ያመነታል።

እማዬን በስልክ ጠየቅኋት። የሚገርመኝ ነገር፣ በየማለዳው አንብቤ ከግንቡ ፈቀቅ ሳልል ስልኬ ይጮኻል። ሰዓቷን እንዴት አድርጋ እንዲህ እንደምትይዝ! “ዛሬስ ስንት ሆነ?” አለች።

“ሃያ።”

“እንግዲያው በጋ ነው።”

“አንቺ ግን ብርድ አይሰማሽም?”

“ወረቀትህን ልመን ወይስ ጉልበቴን?” ብላኝ እየሳቀች ስልኩን ዘጋችው።

መስከረም 22፣ ሰኞ

ትናንት እሑድ፣ አሥር። ዛሬ፣ ሃያ። ሰው በደረጃው ላይ ቆም እያለ ወረቀቱን ያነባል፣ እኔን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

ሚስቴ “የዘንድሮው መኸር እሑድ እሑድ ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?” አለችኝ። እኔም አስቤበታለሁ። እሑድ መኪና ስለሚቀንስ ከተማው ይቀዘቅዛል ማለት ነው አልኳት። ሚስቴ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ደግሞ የዕድል ነገር ሆኖ እሑድ ዳቦ ቤቱም ዝግ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ትኩስ ዳቦ በማይገኝበት ቀን።

መስከረም 24፣ ረቡዕ

ሃያ። ደረጃ ስጠርግ ከላይ የሰማሁት፦ “ምን ቸገረው፤ እሱ ቦይለር አቅፎ ነው የሚተኛው።”

ያልተለኮሰ ቦይለር አቅፎ የሚሞቀው ሰው ካለ አሳዩኝ። ያም ሆኖ ንግግሩ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

መስከረም 28፣ እሑድ

ዘጠኝ። ነገ ሃያ እንደሚሆን አውቃለሁ። አሁንስ ለምጄዋለሁ።

እማዬ ጋ ወጣሁ። የአባቴን ካፖርት ለብሳ፣ ከላዩ ሹራብ ደርባ ነው የከፈተችልኝ። “ምንድነው ይሄ?” አልኳት። “ፋሽን ነው” አለች። ሻይ ስትሰጠኝ እጇ እጄን ነካው፤ ብርጭቆው ትኩስ ነው፣ እጇ ግን በረዶ። አየሩ ሲለወጥ የአረጋውያን እጅ እንዲህ ነው መሰለኝ።

ወጥ ቤቷ መስኮት ሥር ወንበር አድርጋለች። ድሮ እዚያ ወንበር አልነበረም። “እዚህ ምን ታያለሽ?” አልኳት። “ዳቦ ቤቱን” አለች። “ዛሬ ዝግ ነው፤ የሚታይም የለ።” እንዲህ ብላ አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ ታስል መስሎኝ ነበር፣ ስትስቅ ኖሯል።

የመጸዳጃ ቤቷን ቧንቧ አይቼ ወረድኩ። ሳምንት ሙሉ አልወጣሁም ነበር። ስልክ አለ ብዬ ነው። ስልክ ግን እጇ መቀዝቀዙን አይናገርም።

ጥቅምት 3፣ ዓርብ

አሥራ ዘጠኝ። ሦስተኛ ፎቅ ውሃ ያፈሳል። የፒያኖ አስተማሪዋ አንድ ተማሪ አቋረጠባት። ሊቀመንበሩ ባርኔጣ አድርገው በራቸውን ከፈቱልኝ። ምሳ አልበላሁም። ዛፉ መርገፍ ጀመረ።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

አሥራ ዘጠኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቅጠል ጠረግሁ። የጠረግሁትን ነፋስ መልሶ በተነው፤ ደግሜ ጠረግሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ለሐሳብ ይመቻል።

ሰው መኸርን የሚፈራው ለምንድነው? በብርዱ ምክንያት አይመስለኝም። ክረምት ከበጋ ይበርዳል፤ ሲመጣ ግን ለብሰን እንቀበለዋለን። መኸር ላይ ግን ገና ምንም ሳይደርስብን ወደፊት የሚሆነውን እናያለን። ዛፉ ቆሞ ይታያል፣ ፀሐይዋም አለች፣ ሁሉ ነገር በቦታው ነው፤ ብቻ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ። እማዬ እላይ ስትሆን አሁንም የአምስተኛ ፎቋ እማዬ ናት፤ የራሷ ምድጃ፣ የራሷ ቁልፍ ያላት። የወረደች ቀን አርጅታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ የእኔም ተራ ይጀምራል።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። እኔ እንድትወርድ የምፈልግ ሰው ነኝ።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

አምስት። ሚስቴ በላስቲክ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልታ አልጋዋን እንድታሞቅበት ለእማዬ ላከች። እማዬ “ለበጋ ስጦታ አመሰግናለሁ” ብላ መለሰች።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ወይ ጉድ።

በሰዓቴ ጓሮ ወጣሁ። ግንቡን ተደግፌ አነበብኩ፤ ሃያ። ዞር ስል ከግንቡ ርቆ ግቢው መሃል ያደረው ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ በስሱ በረዶ ሠርቷል። ቴርሞሜትሩን አየሁ። ባልዲውን አየሁ። ቴርሞሜትሩን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። እንዲህ ስሆን ሚስቴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች፤ ባልዲውንም፣ ወረቀቱንም፣ እኔንም በተራ አየች። ከዚያ ቅርጫቷን አስቀምጣ እጇን ግንቡ ላይ አሳረፈች።

“ይሄ ግንብ ትኩሳት አለበት” አለች።

ከግንቡ ወዲያ የዳቦ ቤቱ ምድጃ አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይቀጣጠላል፤ እሑድ ያርፋል። አምስት ሳምንት ሙሉ በር ላይ ስለጥፈው የከረምኩት የዳቦውን ሙቀት ነው።

“እንዴት አላወቅሁም?” አልኳት።

“ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ” አለች ሚስቴ። “በየማለዳው እጅህን የምታሞቀው የት ነበር?”

አላወቅሁም ነበር። ይህን ለራሴ ደብተር አልዋሽም። እጄን የማሞቀው ግን እዚያ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

ቴርሞሜትሩን ነቅዬ በሰሜን በኩል፣ ማንም በማይጋራን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ዲግሪ። ከዚያ ለመናዘዝ ዞርኩ።

መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሄድኩ። “እኔ እኮ በየማለዳው እዚያ የምትገተረው የዳቦው ሽታ ስቦህ መስሎኝ ነበር” አለ። “ስንት ቀን አዘንኩልህ!” አንድ ትኩስ ዳቦ በነፃ ሰጠኝ። የፒያኖ አስተማሪዋ ከደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ያቋረጠባትን ተማሪ ስም ነገረችኝ። ሄጄ ወላጆቹን አነጋግሬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ነገ ይመለሳል።

ሊቀመንበሩ በመጨረሻ። ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ከላይ ብርድ ልብስ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ደንቡ አልተጣሰም” አሉ። “የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀን እንቆጥራለን።” በሩን ሊዘጉ ሲሉ መለስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የዛሬው ማለዳ ስንት ነበር ያልከኝ?” አሉ።

“ሁለት።”

“ይቆጠራል” አሉ። ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ። ቦይለሩን ለኮስኩት። ቧንቧዎቹ ከታች እስከ ላይ እየተንኳኩ ሲሞቁ በየፎቁ በር ተከፈተ። አንድ ሰው አጨበጨበ። የፒያኖ ድምፅ ወዲያው ጀመረ፤ ተማሪው አሁንም ስቶ ነው የሚመታው፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ነገ እማዬን አወርዳለሁ።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ዳቦ ጋጋሪውን ይዤ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክመን ወጣን። ሐሳባችን ወንበሩ ላይ አስቀምጠን በቀስታ ልናወርዳት ነበር። እማዬ በሩን ከፈተች፤ ወንበሩን አየች፤ ለዳቦ ጋጋሪው “ልጄ፣ ደከመህ፤ ቁጭ በልበት” አለችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት አስገባችኝ።

“ማሞቂያው ተለኩሷል” አልኳት።

“አውቃለሁ። ሰውነቴ ነገረኝ።”

“ውል ገብተሻል።”

መልስ ሳትሰጠኝ መስኮቱን አሳየችኝ። ጓሮው ከላይ እስከ ታች ይታያል። ግንቡ፣ ቴርሞሜትሩን የሰቀልኩባት ምስማር፣ ከእሷ ሥር ጀርባዬ ያለሰለሳት ቦታ።

“ግንቡ እንደሚሞቅ የነቃሁት መስከረም መግቢያ ላይ ነው” አለች።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ታወርደኛለህ።” ሻይ ቀዳችልኝ። “ደግሞ ሳይህ ደስ ይለኝ ነበር። ወደዚህ የምትወጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ቧንቧ ልታይ። በዚህ መስኮት ግን በየማለዳው አገኝሃለሁ። እንደ ድመት ጀርባህን ስታሞቅ እያየሁ ልደውልልህ አስባለሁ፤ እደውላለሁ።”

ብርጭቆዬን አስቀምጬ በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። ከታች ቀና ብዬ ብመለከት ኖሮ ትታየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀና አላልኩም።

“በርዶሽ ነበር” አልኳት።

“በርዶኝ ነበር። ቤቴ ነበርኩ።” ከዚያ ወንበሩን በአገጯ አመለከተችኝ። “የግቢውን ዛፍ አይተኸዋል? ቅጠሉ ሲደርስ ራሱ ይወርዳል። ወንበር ላይ ጭኖ የሚያወርደው የለም።”

ሃያ ሰባት ዓመት ደንብ ያስከበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን “በቃ፣ ውሉ ቀርቷል” አልኳት። “እዚሁ ሁኚ። እኔ በየማለዳው እወጣለሁ።” እጄን ዘረጋሁ። ጨበጠችኝ፤ እጇ ሞቋል። ወንበሩን ባዶውን አወረድነው። ዳቦ ጋጋሪው “ቀላል ሴት ናቸው” ብሎ ቀለደ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ደረጃውን ነው የማየው፣ አንድ በአንድ፣ የትኛው እንደሚያዳልጥ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ዘጠና አራት ደረጃ። አራተኛ ፎቅ ላይ አረፍኩ። አብረን ቁርስ በላን። ስለ አባቴ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ፦ እሱም ቴርሞሜትር ማንበብ አይችልም ነበር።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ዛሬ ሦስተኛውም አራተኛውም ላይ አረፍኩ። ስገባ ጉልበቴ ቀጭ አለ። እማዬ ሰማች።

“ያንተ ነው የእኔ?” አለች።

“የእኔ።”

“የእኔ እንዲህ አይጮህም” አለች። ቁርሷን በልታ ጨረሰች። “አንተ በየቀኑ ከምትወጣ እኔ አንዴ ብወርድ አይሻልም?”

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

እማዬ ወረደች። በእግሯ፣ ትራሷን በብብቷ ይዛ።

“ማንም እንዳይደግፈኝ” አለች። እኔ አንድ ደረጃ ቀድሜ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ፣ የኋሊት እወርዳለሁ፤ ብትወድቅ እኔ ላይ እንድትወድቅ። “ዞር በልልኝ፣ ደረጃው አልታየኝም” አለች። ዞር አልኩ፤ ግን ብዙም አልራቅሁም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አምና የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ግድግዳውን ያዝ አድርጋ ተነፈሰች፤ ቀጠለች። ሊቀመንበሩ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ በሸሚዝ፣ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። ወንበር አውጥተው ሻይ ሰጧት፤ አርባ ደቂቃ ደንብ ሲያስረዷት ቆዩ። አንደኛ ፎቅ ላይ የፒያኖ አስተማሪዋ አንድ ዜማ ተጫወተችላት። ስንነሳ እኩለ ቀን አልፏል። እኔ በላብ ተነክሬያለሁ፤ እሷ ልብሷ እንኳ አልተጨማደደም።

ክፍሏ ገባን። አልጋውን ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። መደርደሪያውን አየች፤ “ጠማማ ነው” አለች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደች። ይሄን ነበር የፈራሁት። ክፍላችን ግማሹ ከመሬት በታች ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የእግረኛ መንገዱ ብቻ ነው። ሰማይ የለም፤ የሰው እግር ነው። እላይ ከተማውን ስታይ ለኖረች ሴት ምን ብዬ ልንገራት? “ይቅርታ እማዬ” ልል አፌን ስከፍት በእጇ ዝም በል አለችኝ።

አንድ ጫማ አለፈ። ሁለት። አንድ ተረከዙ ረጅም። ወንበሯን ሳበች።

“ይሄኛው ሶሉ አልቋል፤ ግን ቀጥ ብሎ ይራመዳል” አለች። “ይቺ ደግሞ ቸኩላለች፤ የምትሄድበትን አትወደውም።” ትንሽ ቆይታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች፤ “አንተ! ሊቀመንበሩ ካልሲያቸው ሁለት ዓይነት ነው!”

እኔና ሚስቴ መስኮቱ ሥር ተኮልኩለን አብረናት አየን። ሲመሽ እንኳ አልተነሳችም። ራቷን እዚያው በላች።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። “ነገ ለሥራ ስትወጣ በየት በኩል ነው የምታልፈው?”

“በጓሮ በር።”

“በዚህ በኩል እለፍ” አለች፤ መስኮቱን እያሳየችኝ። “ጫማህን ግን ጥረገው።”

ይሄው አሁን ጫማዬን እየጠረግሁ ነው። ሁለተኛ ዙር ቀለም ቀብቼዋለሁ።